ቀዳ የሌለበት ረመዳን

ግራና፣ ሚያዝያ 3 ቀን 2017

ይድረስ ለሸዋዬ፤

ሰላምታዬን ከወንድምሽ ከጌትነት የሽንኩርት ጭነት ላይ አስቀምጬልሻለሁ፤ አዲስ አበባን አልፎ ሐዋሳ እስኪደርስሽ ሽታው ካልለወጠው ደኅና ሰላምታ ነው። ጌትነት ወሬ የማይቋጥር ሹፌር መሆኑን እያወቅሁ፣ በራችን ላይ መኪናውን አቁሞ የሴቶቹን እልልታ መስማቱን ዘነጋሁት። ስለዚህ «እውነት ነው ወይ?» ብለሽ መላክሽ አልገረመኝም። ደውለሽ ባለመጠየቅሽ ግን አመሰግንሻለሁ። በዚህ ቤት ስልክ የሚወራው ድምፁ ተከፍቶ፣ ጎረቤት እየሰማው ነው። ምክንያቱ ረጅም ስለሆነ ሌላ ጊዜ።

የሆነው እንዲህ ነው። ረመዳንን ሙሉውን ጾምኩ። የኛን ደንብ ታውቂዋለሽ፤ ሴት የወር ደሟ፣ ሐይዷ፣ ሲመጣባት አትጾምም፣ አትሰግድምም፤ የጎደላትን ጾም ከዒድ በኋላ ቀዳ ብላ ታወጣለች። በየቤቱ ያለች ሴት ሁሉ በወሩ መሃል ጥቂት ቀን ጓዳ ገብታ፣ በሩን ገርበብ አድርጋ ምሳዋን ትበላለች። ወንዶቹ ያውቃሉ፤ እንዳላወቁ ሆነው ያልፋሉ። ዘንድሮ እኔ ጓዳ አልገባሁም። አንድም ቀን መስገጃዬን አጥፌ አላስቀመጥኩም። አማቴ እመት ዘሀራ ይህን ሲከታተሉ ከርመው በዒዱ ማግስት «ቀዳ የለብሽም አይደል?» አሉኝ። «የለብኝም» አልኳቸው። እውነቴን ነው። ከዚያ ሌላ አንዲት ቃል አልተነፈስኩም፤ እልልታው ግን እዚያው ጀመረ።

አትፍረጂባቸው። ከዛኪር ጋር ከተጋባን ሦስት ዓመት አልፎናል፣ ዛኪር ደግሞ አንድ ልጃቸው ነው። በየወሩ ሶላት ሳቋርጥ ፊታቸው ሲጠቁር አያለሁ፤ ክፉ ሴት ሆነው አይደለም። በዚያ ላይ የቀሚሴ ደረት ረጥቦ አዩ። ወተት ነው። ከዚህ ወዲያ ምን ምስክር ይፈልጋሉ? በሳምንቱ ወዳጃ ተጠርቶ፣ የግራና ሴቶች ተሰብስበው ዱዓ አደረጉልኝ፣ ፍየል ታረደ። ያዘንኩት ለፍየሉ ብቻ ነው ብልሽ ውሸት ነው። እኔም ከነሱ ጋር አሚን ብያለሁ።

ከዚያ ገበያ ብዬ ወልድያ ወጣሁና ከመድኃኒት ቤት መመርመሪያ ገዛሁ። አንድ መስመር። ሌላ ገዛሁ፤ አሁንም አንድ መስመር። ሆዴ ውስጥ ማንም የለም ሸዋዬ። ታዲያ ደሜ የት ሄደ? ወተቱስ ከየት መጣ? አንቺ ዩኒቨርሲቲ ገብተሽ የምታጠኚው፣ በበጎችም ላይ ቢሆን፣ ይህንኑ የደምና የወተት ነገር ነው። በአብሽ ማሰሮው ሥር የምደብቀውን ክኒን ደግሞ ከእኔና ከወንድሜ ከሚስባህ ሌላ የምታውቂው አንቺ ብቻ ነሽ። ሌላውን ጥያቄዬን በትንሿ ወረቀት ላይ ጽፌልሻለሁ፤ አንብበሽ ቅደጂያት።

እመት ዘሀራ ሰላም ብለውሻል። «በኛ ክርስትና የለም እንጂ የሚመጣውን እንግዳ እሷ ታነሳው ነበር» አሉ።

ዘይነባ

ሐዋሳ፣ ሚያዝያ 19 ቀን 2017

ለዘይነባ፤

ፋሲካን በግ ሳልቀምስ ዋልኩ። ዓመቱን ሙሉ ደማቸውን እየቀዳሁ ሥጋቸውን መብላት አልሆነልኝም። ለመዘግየቴ ይቅርታ አድርጊልኝ፤ ሁለት ጊዜ ጽፌ ሁለት ጊዜ ቀደድኩ። አንደኛው የሐኪም ማዘዣ፣ ሁለተኛው የለቅሶ ቤት ወግ መሰለብኝ።

በትንሿ ወረቀት ላይ ላሰፈርሽው መልሱ፦ አይ፣ ክኒኑ አላመከነሽም። ደምሽን ያስቀረው ግን እሱ ይመስለኛል። «ይመስለኛል» የምለው ሐኪምሽ ስላልሆንኩ ነው፤ እኔ የበግ ሰው ነኝ።

አባትሽ በሞቱ ጊዜ እንቅልፍ አጥተሽ፣ «ድምፃቸው ከማንጎው ላይ ይጠራኛል» ስትዪ፣ እኔና ሚስባህ ደሴ ወስደንሽ የተሰጠሽ ክኒን ሥራው መያዝ ነው። አንጎል ውስጥ ዶፓሚን የሚባል መልእክት አድራሽ አለ። እሱ ከልክ ሲያልፍ ሰው የሌለ ድምፅ ይሰማል፤ ክኒኑ እሱን ይይዘዋል። ነገር ግን ዶፓሚንም በተራው የሚይዘው አለው፤ ፕሮላክቲን የሚባለውን የወተት ሆርሞን። ያዡ ሲያዝ ወተቱ ተለቀቀ። ወተት ሲለቀቅ ደግሞ አንጎል «ይህች ሴት ታጠባለች፣ ለአሁኑ ሌላ አትፀንስ» ብሎ ዋናውን ምት ያስቆማል።

ስለ ምቱ ልንገርሽ፤ እንጀራዬ ነውና ታገሺኝ። መርሳ እናንተ ቤት አባትሽ መንዙማ ሲያወጡ ከመጋረጃው ጀርባ ሆነን የሰማነውን አስታውሺ። አንድ ስንኝ ያወጡና ዝም ይላሉ። ተቀባዮቹ የሚያነሱት እሳቸው ዝም ሲሉ ነው። አንጎል ሥርም እንዲሁ ነው። ጥቂት ሕዋሳት አሉ፤ በሰዓት ወይም በሰዓት ተኩል አንድ ጊዜ ጥሪ ያወጣሉ፣ ከዚያ ያርፋሉ። ጥሪውን ተሸክሞ የሚሄደው ንጥረ ነገር ኪስፔፕቲን ይባላል፤ የሚያሳርፋቸው ደግሞ ዳይኖርፊን። ከነሱ በታች ያለችው እጢ ተቀባይ ናት። እረፍቱን ካላገኘች አትቀበልም። ደምሽ በየወሩ የሚመጣው ያ ጥሪና ያ ዝምታ ሳይዛነፉ ሲሄዱ ነው።

ማመን ካቃተሽ የታደሰን ሥራ ስሚ። ታደሰ የበጎቹ ጠባቂያችን ነው። ለአንዲት በግ የጥሪውን ሆርሞን በየሰዓቱ ጥቂት ጥቂት እንዲሰጣት ብንነግረው ሰለቸውና ቧንቧውን ከፍቶላት ሄደ። «ቢበዛላት ምን ይጎዳታል?» ነው ያለው። በጓ መጀመሪያ ተነቃቃች፣ ከዚያ ፀጥ አለች። ያለ እረፍት የሚጠራትን መስማት ተወች። ስሟ የታሪክ አስተማሪያችን ስም ነው፤ አትሳቂብኝ።

ባንቺ ላይ የሆነው ሌላ ነው፤ ዝም ያለው ጠሪው ነው። ዝም አለ እንጂ አልሞተም። ስለዚህ ክኒኑን በራስሽ እንዳታቆሚ። ወልድያ ለክትትል ስትሄጂ ለሐኪሙ ሁለት ነገር ንገሪው፤ ደሜ ቀርቷል፣ ወተትም አለኝ በይው። ዶፓሚንን እንዲህ አጥብቆ የማይዝ ሌላ ክኒን አለ።

ለዛኪርስ መቼ ትነግሪዋለሽ?

ሸዋዬ

ግራና፣ ግንቦት 8 ቀን 2017

ለሸዋዬ፤

ወንድምሽ «ሐኪሙ ምን አለሽ ብላለች» አለኝ፣ ሽንኩርት እያስጫነ፣ በሰው መሃል። «ጨጓራ ነው በላት» አልኩት። ለአንቺ ግን እውነተኛውን ልጻፍ።

ክፍሉ ውስጥ አራት ነበርን፤ ሐኪሙ፣ እኔ፣ ከእኔ በፊት የገባው ታካሚና ከእኔ ቀጥሎ ያለው ባለ ተራ። ባለ ተራው የውርጌሳ ሰው ነው፤ ዛኪር ማሾ የሚገዛው ከሱ ነው። «እንኳን ደስ ያለሽ፣ ሰምተናል» አለኝ። ለምን እንደመጣ ሳልጠይቀው «ጨጓራዬን ነው» አለ። እኔም «ጨጓራዬን ነው» አልኩ። ሁለታችንም የአእምሮ ሐኪም ፊት ተቀምጠን ስለ ጨጓራ ተዛዘንን።

ሐኪሙ ጥሩ ሰው ነው፤ ጠየቀኝ። «የወር አበባሽስ?» አለ። ቀርቷል ብለው «አርግዘሽ ይሆን?» ሊለኝ ነው። አላረገዝኩም ብል ወሬው ከእኔ ቀድሞ ግራና ይገባል። «ሁሉም ደኅና ነው» አልኩና ያንኑ ክኒን ይዤ ወጣሁ።

ስለ ዛኪር የጠየቅሽኝን ሳስብበት ሰነበትኩ። ከኒካሁ በፊት እኔ ልንገረው ስል ሚስባህ «የዳነ በሽታ አይወራም» ብሎ ዘጋው። አሁን ብነግረው ሁለት መርዶ ነው የማረዳው፤ ልጅ የለም፣ ሚስትህም ያገባሃት ሴት አይደለችም። ተደብቆ የነበረ በሽታ ሲገኝ ባል ኒካሁን ማፍረስ ይችላል ሲሉ ሰምቻለሁ። ዛኪርን እወደዋለሁ ሸዋዬ። ሐራ ገበያ ውሎ ሲመጣ ብርቱካኑን ልጦ ዘሩን ለቅሞ ነው የሚሰጠኝ፤ እንግዲህ ለማን እንደሚለቅም ታውቂያለሽ። ክኒኑ ያወፈረው ሆዴ ደግሞ ለጊዜው ጠቅሞኛል። እመት ዘሀራ በዓይናቸው ሲለኩት ይውላሉ፤ ጥጥ አስፈትለው መታቀፊያ ለሸማኔ ሰጥተዋል።

ሌላ ክኒን አለ ያልሽውን ለማግኘት ያንኑ ክፍል ያንኑ ሰው ፊት መግባት ሊኖርብኝ ነው። አንድ ነገር ልጠይቅሽ፤ ይህንኑ በግማሽ ብወስደውስ? አንዳንዴ ማሰሮውን ስከፍት «ልጄን የያዘብኝ አንተ ነህ» እለዋለሁ። ልጄ ስል ደግሞ ራሴን እይዛለሁ።

ዘይነባ

ሐዋሳ፣ ግንቦት 27 ቀን 2017

ዘይነባ፤

ጌትነት በቃል የላክሽውን አድርሷል። «ትቼዋለሁ፣ ደኅና ነኝ በላት» ብለሻል። እሱ ሽንኩርት መነገዱን የተውሽው መስሎት አዘነልሽ። እኔ የተውሽውን አውቄያለሁ።

ረጅም አልጽፍም። ፈርቻለሁ። ያኔ ደሴ መንገድ ላይ እጅሽን ይዤ ስምሽን ስጠራሽ አላወቅሽኝም። ያን ዓይን ዳግመኛ ማየት አልፈልግም። አሁን ደኅና ነኝ ማለትሽ ደኅና መሆንሽን አያሳይም፤ መድኃኒቱ ከሰውነት የሚወጣው ቀስ እያለ ነው፣ ሲወጣ መጀመሪያ ደስ ይላል። ደስታው እንዳያታልልሽ። እንቅልፍሽ ሲቀንስ አንቺ ሳትሆኚ አጠገብሽ ያለው ሰው ነው የሚያውቀው፤ አጠገብሽ ያለው ሰው ደግሞ ምንም አልተነገረውም።

እዚህ ያለ ልዑል የሚባል ሐኪም አማከርኩ። ስምሽን አልነገርኩትም። አብራው የተማረች ዶክተር ሜሮን የምትባል የአእምሮ ሐኪም ደሴ አለች። በሩን ትዘጋለች ወይ ብዬ ጠየቅሁት፤ ሳቀ፣ ትዘጋለች አለ። ስልኳ ከዚህ ጋር አለ። ገና ላልተፀነሰ ልጅ ብለሽ እናቱን አታጥፊብኝ።

ሸዋዬ

ግራና፣ ሰኔ 15 ቀን 2017

ሸዋዬ ሸዋዬ፤ መጣ! ያልሽው ሁሉ ልክ ነው፣ ጠሪው አልሞተም፣ ደሜ መጣ፣ ወተቱም ደረቀ። ደስ ይበልሽ፣ ለበጎችሽም ንገሪያቸው። እንቅልፍ ብለሽ ተጨንቀሽ ነበር፤ እንቅልፍ ለምን ያስፈልገኛል፣ ቤቱን ሁለት ጊዜ ለቀለቅሁት፣ የእመት ዘሀራን ማሰሮ ሁሉ አጠብኩ፣ ይህን የምጽፍልሽ እየተራመድኩ ነው፣ ለዚህ ነው ፊደሉ የሚጨፍረው።

አንድ ነገር ብቻ አለ። ደሙ መምጣቱን ማንም ማወቅ የለበትም፣ እርጉዝ ነኛ። ስለዚህ ሶላት ሲደርስ መስገጃዬን አነጥፋለሁ። ያለ ውዱእ ትጥበት፣ ያለ ልብ ኒያ እቆማለሁ፣ አጎነብሳለሁ፣ ግንባሬን እደፋለሁ፣ ከንፈሬን አንቀሳቅሳለሁ፣ ውስጤ ምንም አይልም። ሐይድ ላይ ሆኖ መስገድ ሐራም ነው። እመት ዘሀራ ከኋላዬ ሆነው ያዩኛል፣ ደስ ይላቸዋል። አላህም ያየኛል። አማቴን ዋሽቼ ነበር ብንል ምላሴ ነው፣ አሁን ግን በግንባሬ ዋሸሁ። ይህን ካደረግሁ ጀምሮ አባቴ አላረፉም። የጓሯችን ማንጎ ላይ ናቸው። መንዙማ ያወጣሉ፣ ያወጣሉ፣ ዝም አይሉም፣ ተቀባዮቹ መግቢያ አጡ። አንቺ «ዝም ሲሉ ነው የሚያነሱት» ብለሽ የለ? ዝም በሉ ብላቸው አይሰሙኝም፣ ቀርቤ ልንገራቸው፤ ቅርንጫፉ ጠንካራ ነው፣ ይችለኛል

ሐዋሳ፣ ሐምሌ 10 ቀን 2017

ለአቶ ዛኪር፤

ደብዳቤዎ ከዘይነባ ሳያልቅ ከቀረው ደብዳቤ ጋር አንድ ላይ ደርሶኛል። ከሰርጋችሁ ቀን በቀር ተያይተን አናውቅምና በ«እርስዎ» እጽፋለሁ፤ ዘይነባ ብታየው ትስቅብኛለች። አነጋገሬ ደረቅ ቢሆንብዎ ይቅርታ፤ ሲጨንቀኝ እንዲህ ነው የምጽፈው። ማንጎው ላይ ወጥታ ሲያገኟት ሳይጮሁባት መሰላል አምጥተው አጠገቧ በመቀመጥዎ፣ ስልኳ ያለባትን ወረቀት አግኝተው ዶክተር ሜሮን ጋም በማግስቱ በማድረስዎ አመሰግናለሁ።

ለጥያቄዎችዎ በተራቸው። የመጀመሪያው፤ አዎ፣ በሽታውን አውቅ ነበር። ከእናንተ ጋብቻ በፊት አንድ ጊዜ ታማ ድናለች። ያዳናት በየቀኑ የምትወስደው ክኒን ነው፤ አሁን የታመመችው ስላቆመችው ነው። ያቆመችውም ልጅ ብላ ነው።

ሁለተኛው፤ «ልጁ የት ሄደ?» ብለዋል። ልጅ አልነበረም። አልወረደም፣ ማንም አላስወረደውም፣ የማንም ዓይን አላረፈበትም። ይህን ለእናትዎ በተለይ ይንገሩልኝ፤ ጎረቤት ላይ እንዳይጠረጥሩ። ያ ክኒን በሽታው የሚያሰማትን ድምፅ ለማጥፋት አንጎል ውስጥ አንድ ነገር ይይዛል፤ ያ የተያዘው ነገር ደግሞ ወተትን የሚከለክል ነበር። ወተቱ መጣ፣ የወር ደሟ ቀረ፤ ያዩት ሁሉ እውነተኛ ምልክት ነው፣ የሌላ ነገር ምልክት ሆነ እንጂ። እመት ዘሀራ ቀዳ አለብሽ ወይ ብለው ጠየቋት፣ የለብኝም አለች። ከዚያ በኋላ ለመናገር ፈራች፤ ፍርሃቷ የምን እንደሆነ ከሦስተኛው ጥያቄዎ ራስዎ ያውቁታል።

ሦስተኛውን እኔ አልመልስም። የኒካህ ነገር የእርስዎና የሷ ነው፣ የሼኮቹም ሊሆን ይችላል። እኔ የበግ ደም የምመረምር ሴት ነኝ። የምለምንዎ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ የሚወስኑትን ሁሉ እስክትድን አይንገሯት።

ሸዋዬ

ግራና፣ ጥቅምት 11 ቀን 2018

ይድረስ ለሸዋዬ፤

በመስከረም የላክሻቸው ሁለቱም ደርሰውኛል። ዝም ያልኩት ተቀይሜ እንደሆነ ጠይቀሻል። አልተቀየምኩም። አዲሱ ክኒን መጀመሪያ ላይ እንቅልፍ በእንቅልፍ አደረገኝና ብዕሩ ከበደኝ። አሁን አባቴ ዝም ብለዋል። አንዳንዴ ይናፍቁኛል፤ ይህን ለዶክተር ሜሮን ብነግራት «መናፈቁ ጤና ነው» አለችኝ። በሩን ትዘጋለች።

«ዛኪርስ?» ብለሻል። ከደሴ ከተመለስን በኋላ መርሳ ወርዶ ሼኩን ጠየቃቸው። ሼኩ ሰምተው ሲያበቁ «አንተስ ከኒካህ በፊት የደበቅሃት የለም?» አሉት። መጥቶ ፊት ለፊቴ ተቀመጠና «የግራ ጆሮዬ እንደማይሰማ ነግሬሽ ነበር?» አለኝ። «አልነገርከኝም፤ በሳምንቱ አውቄዋለሁ» አልኩት። «ታዲያ ለምን ዝም አልሽ?» «ስልኩን ድምፁን ከፍተህ ታወራ የለም? ሰው ሁሉ ያውቃል ብዬ ነው።» ሳቀ። እኔ አለቀስኩ። ኒካሁ በዚሁ ጸና። በዚህ ቤት ስልክ ድምፁ ተከፍቶ የሚወራበት ረጅሙ ምክንያት ይህ ነው፤ ሌላ ጊዜ ብዬሽ ነበር።

እመት ዘሀራ ግን ሌላ ናቸው። ለሥራ ብቻ ነው የሚያናግሩኝ። «ውሃ አለ?» «አለ።» «እሳቱን ተመለከትሽው?» «ተመልክቻለሁ።» ደብዳቤሽን ዛኪር አንብቦላቸው በጎረቤት መጠርጠሩን ትተዋል። ፍየሉንም አላነሱም፣ ሸማኔ ያመጣውን መታቀፊያም አጣጥፈው ሳጥን ውስጥ ከተዋል። አንድ ቀን ብቻ፣ ሽንኩርት እየላጥን፣ ቀና ሳይሉ «በዱዓው ላይ አሚን ብለሻል» አሉኝ። «ብያለሁ» አልኩ። «ከልብሽ ነበር?» «ከልቤ ነበር፣ እማ።» ከዚያ ወዲህ ያው ውሃና እሳት ነው። በሰው ፊት ማፈራቸው እንጂ መታመሜ አይደለም የቆረጣቸው። እንዲህ ዝም ሲሉኝ ቢጮኹብኝ እመርጣለሁ።

ደሜ ተመልሶ ቀርቷል። ደሴ መጀመሪያ የሰጡኝ የድሮውን ክኒን ነበር፣ በአንድ ጊዜ አይቀየርም ብለው። አሁን የምወስደው ሌላው ነው፤ ይመለሳል ይላሉ፣ መቼ እንደሆነ አያውቁም። ሶላቴን አላቋረጥኩም። ይህን የምልሽ በኩራት አይደለም።

ዘይነባ

ሐዋሳ፣ ጥር 15 ቀን 2018

ለዘይነባ፤

የጥምቀት ዕለት እዚህ ዘነበ፤ ወልድያ እንዲህ አይደለም እያልኩ ሰው አሰልችቻለሁ። ጥናቱ መቼ ያልቃል ላልሽው፣ በጎቹ ሲፈቅዱ ነው። ታደሰ ቧንቧውን የከፈተባትን በግ አስታወስሻት? ያኔ ተስፋ ቆርጠን ነበር። አሳረፍናት፣ ከዚያ በየሰዓቱ ጥቂት እየሰጠን፣ በመሃሉ ዝም እያልን ጠበቅን። መጀመሪያ ምንም የለም። ሰነበተችና ቀስ ብላ መቀበል ጀመረች። አሁን የኛንም ትታ በራሷ ምት ትሄዳለች። በዚህ ምንም ቃል አልገባልሽም። እሷ በግ ናት፣ አንቺ ዘይነባ ነሽ።

ደብዳቤዎቼን መልሼ ሳስባቸው ሁሉም የሚያበቁት በአንድ ዓይነት ጥያቄ ነው። መጣ? አልመጣም? ለካ እኔም የታደሰ ቧንቧ ሆኛለሁ። እናቴ በየቀኑ ደውላ «መቼ ታገቢያለሽ?» ስትለኝ ምን እንደምሆን አውቃለሁ፤ እንደዚያች በግ ፀጥ ነው የምለው። ስለዚህ ከእንግዲህ ስለዚያ ነገር አልጠይቅሽም። ስለ ማንጎው፣ ስለ ሽንኩርት ዋጋ፣ ስለ ዛኪር ጆሮ ጻፊልኝ። ባትጽፊም አልቀየምም።

ሸዋዬ

ግራና፣ የካቲት 23 ቀን 2018

ይድረስ ለሸዋዬ፤

አንቺም ጾም ላይ ነሽ፣ እኛም ረመዳን ላይ ነን፤ ጌትነት «ዘንድሮ ከወልድያ እስከ መርሳ ሻይ የሚያቀርብልኝ ቤት ጠፋ» ብሎ ሲያማርር ነበር። ስለዚያ ነገር አልጠይቅሽም ብለሽ፣ እውነትም አልጠየቅሽም። በመጨረሻው ደብዳቤሽ የማንጎውን ጠይቀሻል፤ አብቧል። ዛኪር ዝቅ ያለውን ቅርንጫፍ ሊቆርጠው ነበር፣ ተው አልኩት። የሽንኩርት ዋጋ ወርዷል። የዛኪር ጆሮ እንደነበረ ነው።

አሁን የዛሬውን ልንገርሽ።

ለሱብሂ ሶላት ተነስቼ ነበር። ጎህ ሲቀድ ወገቤን ያዘኝ። ወደ ጓሮ ሄድኩና አየሁ፤ ለማንም አልተናገርኩም። አልዘለልኩም፣ አልጮህኩም፤ እጄን ታጥቤ ተመለስኩና ምስሩን ለቀምኩ። የእኩለ ቀኑ የዙህር አዛን ሲሰማ ዛኪር ወደ መስጊድ ወጣ። እመት ዘሀራ ውዱእ አድርገው መስገጃቸውን አነጠፉ። የኔ መስገጃ ከሳቸው ጎን ነው የሚነጠፈው። አላነጠፍኩትም። አጥፌ ግድግዳው ላይ ሰቀልኩትና ጓዳ ገባሁ።

ሶላታቸውን ሲጨርሱ እግራቸውን ሰማሁት። ወደ ጓዳው በር መጡና ቆሙ። እኔን አዩ፣ ግድግዳውን አዩ። ፊታቸው ይጠቁራል ብዬ ጠበቅሁ፤ በየወሩ የማውቀው ፊት ነው። ዞረው ሄዱ። «ቢያንስ ዛሬ በግንባሬ አልዋሸሁም» ብዬ ምስሬን ቀጠልኩ።

ትንሽ ቆይተው ተመለሱ። በእጃቸው በሰፌድ የተከደነ ሳህን ይዘዋል። ቂጣ ነው፣ ከትናንት የተረፈ፣ ወተት ፈስሶበታል፣ ከጎኑ የተቆረጠ ፓፓያ አለ። እሳቸው ጾመኛ ናቸው፤ በጾም አፋቸው አሙቀው፣ ቆርጠው፣ አምጥተው አጠገቤ አስቀመጡት። ከዚያ በሩን ገርበብ አደረጉና ጀርባቸውን ሰጥተውኝ ደፉ ላይ ተቀመጡ።

«ብዪ» አሉ። «በሩን እኔ አያለሁ።»

«እማ፣ ልጅ እኮ አይደለም» አልኳቸው። «ደሜ ነው የመጣው።»

«አይቻለሁ፤ እኔ ምን ዕውር ነኝ?» አሉ። «ይቺን ቀን ሦስት ዓመት ሙሉ ስጠላት ኖርኩ። ስትመጣ ፊቴን አዞርኩባት፣ ስትቀር እልል አልኩ። የማላውቀውን ነገር ጠልቼ የማላውቀውን ነገር ወደድኩ። ዛሬ አልሐምዱሊላህ ብያለሁ፣ አላህ ይቅር ይበለኝ።» እንባቸውን በነጠላቸው ጠረጉና፣ አሁንም ሳይዞሩ፣ «ያን ክኒንሽን በአብሽ ማሰሮ አታኑሪው፤ ይሸታል። የኔ ሳጥን ውስጥ አስቀምጪው፣ ከመታቀፊያው ጎን» አሉኝ።

በላሁ። እያለቀስኩ በላሁ፤ ቂጣው ጨው በዝቶበት ይሁን እንባዬ አላወቅሁም። መሃል ላይ ዛኪር ከመስጊድ ተመልሶ ወደ ጓዳው ሲመጣ እመት ዘሀራ «ወዲያ! ምን ልታይ ነው?» ብለው ጮኹበት። በግራ ጆሮው በኩል ስለነበር ሁለት ጊዜ ጮኹበት። ያን ጊዜ የገባው ይመስለኛል፤ ጓሮውን ዞሮ ማንጎው ሥር ተቀመጠ። በበሩ ክፍተት አየሁት። ብቻውን ይስቅ ነበር።

ጌትነት ጭነቱን ጨርሶ ጥሩምባውን እየነፋ ነው፣ ስለዚህ ላብቃ። ዘንድሮ ቀዳ አለብኝ ሸዋዬ።

ዘይነባ